የቤተሰብ ቡና ለምን አፈር አፈር ይላል? አንድ አልጋ ቡና በወጉ አድርቆ አዲስ አበባ ላይ ቀምሶ የመለየት መመሪያ

በየዓመቱ ጥር ሲገባ ይቺ ጥያቄ ትመጣብኛለች። «ከአገር ቤት ቡና ተላከልኝ። ዛፉን አውቀዋለሁ፣ አባቴ የተከለው ነው። ታዲያ ሰፈር ካለው ሱቅ ከምገዛው ለምን ያንሳል?» አንዱ አቆላሉ ላይ ያሳብባል፣ ሌላው ዛፉ አርጅቷል ይላል። ከሁሉም የሚበዛው ግን «አፈር አፈር ይለኛል» የሚለው ነው።

መልሴ አብዛኛውን ጊዜ ያው ነው። ዛፉ ጥፋት የለበትም። ቡናው የሚበላሸው ከዛፍ ከወረደበት ሰዓት አንስቶ እስኪደርቅ ባሉት ከሁለት እስከ አራት ሳምንታት ነው። ያኔ የተበላሸውን ጥሩ አቆላል አይመልሰውም። አጥቁሮ መቁላት ደግሞ ይሸፍነዋል እንጂ አያጠፋውም።

ይህ መመሪያ ካዛንቺስ፣ አራት ኪሎ ወይም ፒያሳ አካባቢ እየኖራችሁ፣ ጅማ ወይም ሲዳማ ወይም ጌዴኦ ወይም ወለጋ ቤተሰቦቻችሁ ትንሽ የቡና ማሳ ላላቸው ሰዎች ነው። በለቀማ ሰሞን ጥቂት ቀን መሄድ ከቻላችሁ ጥሩ። ካልቻላችሁ ስልክ ላይ የሚሰማችሁ ወንድም ወይም የአክስት ልጅ ይበቃል። የማሳውን ቡና በሙሉ ለመለወጥ አትሞክሩ። አንድ አልጋ፣ ማለትም ከመሬት ከፍ ያለ የቡና ማድረቂያ ወንፊት፣ ብቻ ሥሩ። 60 ኪሎ ቀይ እሸት ቡና ከ10 እስከ 12 ኪሎ ጥሬ ቡና ይሰጣል። ይህ ለአንድ ቤት ብዙ ወራት የሚጠጣ ነው፤ ከተለመደው ቡና ጋር ለማወዳደርም ከበቂ በላይ ነው።

(በረንዳዬ ላይ ብተክልስ ለምትሉ፦ መሐል አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው። ለአገራችን ቡና የሚመቸው በአብዛኛው ከ1,300 እስከ 2,200 ሜትር ነው። ለጌጥ ይሆናል፤ ስኒ ይሞላል ብላችሁ ግን አትጠብቁ።)

የሚያስፈልጉ ነገሮች

ለማሳውና ለማድረቂያው፦
- 65 ኪሎ ያህል ቀይ እሸት ቡና (60ው ለጀንፈል፣ ማለትም ከነልጡ ለሚደርቀው፣ 5ቱ ለማጠብ ሙከራ)
- ለአልጋው እግርና አግዳሚ የሚሆን እንጨት
- 5 ሜትር ርዝመት፣ 1 ሜትር ስፋት ያለው ወንፊት ሽቦ፣ ካልተገኘ የቀርከሃ ወይም የሸንበቆ ንጣፍ
- 5 ሜትር የጥላ መረብ ወይም ሰሌን
- ለዝናብ የሚሆን ላስቲክ
- ሁለት ትልልቅ ባልዲ፣ ንጹሕ ውሃ
- ንጹሕ ኬሻ ወይም ጆንያ (ማዳበሪያ የነበረበት ከረጢት አይሆንም)
- ትንሽ የመረብ ከረጢት፣ የሽንኩርት መያዣዋ ትበቃለች

ለአዲስ አበባው ፈተና፦
- በግራም የሚለካ የኩሽና ሚዛን
- ብረት ምጣድ፣ ሰፌድ፣ ሙቀጫና ዘነዘና
- መጠናቸው አንድ የሆነ ስድስት የሻይ ብርጭቆ
- የሾርባ ማንኪያ

ወንፊት ሽቦውን፣ የጥላ መረቡንና ሚዛኑን ከመርካቶ ገዝታችሁ ሂዱ። ገጠር ስትደርሱ ላታገኙት ትችላላችሁ። እሱ ፍለጋ ስትሉ ደግሞ ቡናው ይበላሻል።

1. ማሳውን ከለቀማ በፊት አዘጋጁ

ይህ ክረምት ላይ በስልክ የሚያልቅ ሥራ ነው። ለቤተሰብ ሦስት ነገር ንገሩ።

አንደኛ፣ አረሙን በዶማ አትቆፍሩ፣ በማጭድ እጨዱት። የቡና ምግብ ሳቢ ሥሮች ከላይኛው አፈር ብዙም አይርቁም። ዶማ ይቆርጣቸዋል። የታጨደውን አረም እዚያው ዛፉ ሥር አልብሱት፤ እርጥበት ይይዛል፣ በስብሶም አፈር ይሆናል። ግንዱን ግን አያስነኩት፣ አንድ ጋት ያህል ይራቅ። ግንዱን ከነካ ያረጥበዋል፣ ተባይም ይሸሽግበታል።

ሁለተኛ፣ ጥላውን አትጨርሱ። ዋንዛ፣ ብርብራ፣ ሰሳ ካለ ይቆይ። ጥላ ሲከብድ ቅርንጫፍ ይመልመል እንጂ ዛፉ አይቆረጥ። ጥላ ሥር ያለ ፍሬ ቀስ ብሎ ይበስላል። ቀስ ብሎ ሲበስል ፍሬው ይሞላል፣ ጣፋጭነትም ያጠራቅማል። ባህር ዛፍ ግን የቡና ጥላ አይሆንም፤ ውሃውን ይሻማል።

ሦስተኛ፣ ቆሞ የደረቀ የቡና ዛፍ ካለ ከነሥሩ ተነቅሎ እዚያው ይቃጠል። ጎትቶ ለማገዶ ወደ ቤት መውሰድ ዛፉን ያደረቀውን በሽታ በማሳው ሁሉ መዝራት ነው። ይህ በሽታ በቁስል ይገባል። ስለዚህ በዚያ ዛፍ ላይ የሠራ ገጀራ ወይም መጋዝ በእሳት ሳይለበለብ ሌላ ዛፍ አይንካ።

ዛፉ በእውነት ካረጀና ፍሬ ከቀነሰ መድኃኒቱ ጉንደላ ነው። ለቀማ ካለቀ በኋላ፣ በበጋው፣ ከመሬት ከ30 እስከ 40 ሳንቲ ሜትር ላይ አግድም ሳይሆን ሰያፍ አድርጎ መቁረጥ። ሰያፍ የሚሆነው ዝናብ ሲመጣ ውሃው ቁስሉ ላይ እንዳይተኛ ነው። ሲያቆጠቁጥ ሁለት ሦስት ጠንካራ ቡቃያ ይተዋል፣ የቀረው ይነሳል። ሁሉንም ዛፍ በአንድ ዓመት አትጎንድሉ። ፍሬ እስኪሰጥ ሁለት ሦስት ዓመት ስለሚፈጅ ቤተሰቡ ባዶ እጁን ይቀራል። በየዓመቱ ጥቂት ረድፍ ይበቃል።

2. ለቀማው ሳይጀመር አልጋውን ሥሩ

ከለቀማ በኋላ የሚሠራ አልጋ የዘገየ አልጋ ነው። እሸት ቡና አይጠብቅም።

ከመሬት እስከ ወገብ፣ ከ80 ሳንቲ ሜትር እስከ 1 ሜትር ከፍ ይበል። ስፋቱ ከ1 ሜትር ብዙም አይብለጥ፤ ከሁለቱም ወገን እጃችሁ መሐሉ ድረስ መድረስ አለበት። ርዝመቱ 5 ሜትር። ነፋስ የሚያገኘው ቦታ ምረጡ። ከኩሽና ጭስ፣ ከከብት በረትና ከአቧራማ መንገድ አርቁት።

አልጋ የምንለው አየር ከታችም ከላይም እንዲያልፍ ነው። መሬት ላይ፣ በተለይ በእበት በተለቀለቀ አውድማ ላይ የተሰጣ ቡና ከሥሩ እርጥበት ይስባል። ማታ ጤዛው ይጨመርበታል፣ ዶሮ ይሄድበታል። «አፈር አፈር ይላል» የምትሉት ጣዕም ዋና ምንጩ ይኸው ነው። ሸራ መዘርጋት አፈሩን ይከላከል ይሆናል፤ አየር ግን አያሳልፍም፣ ሥር ሥሩን ያልበዋል።

3. ቀዩን ብቻ ልቀሙ

ጅማና አካባቢው ለቀማው ከመስከረም መጨረሻ ጀምሮ ይሞቃል። ሲዳማና ጌዴኦ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ፣ ከፍታው በጨመረ ቁጥር እስከ ጥር ይሄዳል። የመጀመሪያው ዙር ላይ አትቸኩሉ። የበሰለው የሚበዛው በሁለተኛውና በሦስተኛው ዙር ነው፤ ለአልጋችሁ ከዚያ ውሰዱ።

የበሰለ ፍሬ ሙሉ ለሙሉ ቀይ ነው። በሁለት ጣት ስትጫኑት የውስጡ ፍሬ ተስፈንጥሮ ይወጣል፣ ስትልሱት ይጣፍጣል። ግማሹ አረንጓዴ ከሆነ ተውት፣ በሚቀጥለው ዙር ይደርሳል። ያልበሰለ ቡና ስኒ ላይ ጥሬ ባቄላ ወይም ሣር ሣር ይላል፣ ምላስንም ይይዛል። ዛፍ ላይ የደረቀውም ለየብቻ ይቀመጥ።

ቅርንጫፉን ይዞ ቁልቁል መጥረግ ክልክል ነው። አረንጓዴውን ከቀዩ ያደባልቃል፣ የሚቀጥለው ዓመት አበባ የሚወጣበትን አንጓ ይጎዳል፣ ቅጠሉንም ያራግፋል።

እዚህ ላይ ገንዘብ ይገባል። ለቃሚው በኪሎ የሚከፈለው ከሆነ መጥረጉ አይቀርም፣ ማንም ያደርገዋል። ለዚህ አንድ አልጋ በቀን ሒሳብ ክፈሉ፣ ወይም ለቀይ ኪሎ ጨመር አድርጉ። «ነጋዴው ለቀዩም ለድብልቁም ያው ዋጋ ነው የሚሰጠኝ» የሚሏችሁ አጎት እውነታቸውን ነው። የሰፈሩ ገዢ ካልለየ ማሳውን ሁሉ በዚህ ልክ መልቀም ለእሳቸው ኪሳራ ነው። አንድ አልጋ ብቻ የምለውም ለዚህ ነው። በአካባቢው ለቀይ ቡና የሚጨምር ማኅበር ካለ ሒሳቡ ይለወጣል፤ ያኔ እሳቸው ራሳቸው አልጋ ይጨምራሉ።

4. በውሃ አንሳፍፉ፣ በእጅ ልቀሙ

በዚያው ቀን፣ ሳይመሽ። እሸቱን በውሃ ባልዲ ውስጥ ጨምሩትና አማስሉት። የሚንሳፈፈው ተባይ የበላው፣ ፍሬው ያልሞላ ወይም ዛፍ ላይ የደረቀ ነው። ቀፋችሁ አውጡት። የሰመጠውን አጠንፍፉና አልጋው ላይ ስታሰጡት አረንጓዴውንና የተሰነጠቀውን በእጅ አውጡ። ውሃ ውስጥ አይደር፤ ገብቶ ይውጣ እንጂ አይዘፍዘፍ።

ማስጠንቀቂያ፦ እሸት ቡና በከረጢት ታስሮ አይደር። አንድ ሌሊት ይበቃዋል። ውስጡ ይሞቃል፣ ስኳሩ መብላላት ይጀምራል፣ ጠዋት ስትፈቱት የጠላ ቤት ሽታ ይመጣል። ይህ ሽታ ስኒ ድረስ ይከተላችኋል። መሽቶባችሁ ማስጣት ካልቻላችሁ ቢያንስ ከከረጢቱ አውጥታችሁ በስሱ በትኑት።

5. የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት

ከዚህ ሁሉ አንድ ደረጃ ብቻ በትክክል ትሠራላችሁ ብባል ይህንን እመርጥ ነበር።

60 ኪሎውን በ5 ካሬ ሜትሩ ላይ በስሱ ዘርጉት፤ ከአንድ ፍሬ ድርብ ብዙም አይብለጥ። ፍሬው ገና እርጥብና ስኳር የሞላው ነው። ከተቆለለ ሻጋታ ይይዘዋል፣ ወይም ይብላላል። ቀን በየሰዓቱ አገላብጡት። ልጆች ካሉ ተራ ስጧቸው፣ ሥራው ቀላል ነው፤ ብቻ መረሳት የለበትም።

ከቀኑ 6 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት ፀሐዩ ሲበረታ የጥላ መረቡን ወይም ሰሌኑን አልብሱት። «ፀሐይ ለማድረቅ አይደል እንዴ?» ይሏችኋል። በቶሎ ሲደርቅ ልጡ ይሰነጠቃል፣ ውጪው ይጠነክርና ውስጡ እርጥብ ይቀራል። የውስጡ እርጥበት ኋላ ጆንያ ውስጥ ይወጣና ያሻግተዋል።

ማታም ሸፍኑት፣ ጤዛ የቀኑን ሥራ ይመልሳል። ላስቲክ ግን በቀጥታ ፍሬው ላይ አታሳርፉ። እንጨት ደግፋችሁ ከፍ አድርጉት፣ ጎኑንም ክፍት ተዉት። ካልሆነ ላቡ ተመልሶ ቡናው ላይ ይንጠባጠባል።

6. እስኪደርቅ መጠበቅ

ከአራተኛው ቀን በኋላ ፍሬው ሲጨማደድና ሲጠቁር ድርቡን እስከ 3 ወይም 4 ሳንቲ ሜትር ማድረስ ትችላላችሁ። ማገላበጡ በቀን አራት አምስት ጊዜ ይሁን። የሻገተ ፍሬ ካያችሁ ወዲያው አውጡ፤ አጠገቡ ያለውን ሳይበክል። እንደ አየሩ ጠባይ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ይፈጃል። ደመናማ ከሆነ የመጨረሻው ቁጥር ይሻላል ብላችሁ ያዙ።

መድረቁን በምን ታውቃላችሁ? የእርጥበት መለኪያ መሣሪያ ውድ ነው፣ ለአንድ አልጋ አይገዛም። እኔ የምመክረው ይህን ነው። በመጀመሪያው ቀን 1 ኪሎ እሸት መዝናችሁ በመረብ ከረጢቷ ውስጥ አድርጉና አልጋው ላይ ከሌላው ጋር አስተኙት። ሲገላበጥ እሱም ይገላበጥ። በየሁለት ቀኑ መዝኑት። ወደ 400 ግራም ገደማ ሲወርድና ሁለት ቀን በተከታታይ ሳይቀንስ ሲቀር ደርቋል። ለማረጋገጥ አንድ ጀንፈል ጆሯችሁ ላይ ነቅንቁ፣ ይንኮሻኮሻል። ፈልፍላችሁ ፍሬውን ንከሱት፤ ጥርስ ካሰረገደው ገና ነው፣ ጠንክሮ ጥርስ ካልገባው በቅቷል። የምትፈልጉት እርጥበት ከ10 እስከ 12 በመቶ መካከል ነው። ከዚያ በላይ ይሻግታል። በጣም ከደረቀ ደግሞ ሲፈለፈል ይሰባበራል፣ ጣዕሙም ይከስማል።

7. በጎን 5 ኪሎ እጠቡ

ይህን የምንሠራው ለማወቅ ነው። ከአንድ ዛፍ፣ በአንድ ቀን የተለቀመ ቡና በአዘገጃጀት ብቻ ምን ያህል እንደሚለያይ በራሳችሁ ምላስ ታያላችሁ።

ሀ. 5 ኪሎ እሸት በእጅ እየጨመቃችሁ ፍሬውን ከልጡ አውጡ። የእጅ መፈልፈያ ማሽን ጎረቤት ካለ ተዋሱ።

ለ. ፍሬው ላይ የቀረው ዝልግልግ ሙጫ ነው። ያለ ውሃ ወይም ጥቂት ውሃ አድርጋችሁ ንጹሕ ባልዲ ውስጥ ክዳን ገርበብ አድርጋችሁ አስቀምጡት። ቦታው ሞቃት ከሆነ 24 ሰዓት፣ ደጋ ከሆነ 48 ሰዓት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈጃል።

ሐ. በየጥቂት ሰዓቱ እፍኝ አንስታችሁ በውሃ አለቅልቁና እሹት። ሲያዳልጥ ከሆነ ይቆይ። እንደ ኮረት ኮርኮር ሲል ወዲያው እጠቡት። ከዚያ በላይ ከቆየ ወደ ሆምጣጤ ይሄዳል።

መ. ሦስት ጊዜ በንጹሕ ውሃ እጠቡና በአልጋው ጫፍ ላይ ለብቻው አስጡት። የመጀመሪያውን ቀን በጥላ፣ ከዚያ ፍሬውን የሸፈነው ስስ ገለፈት እንዳይሰነጠቅ የቀትሩን ፀሐይ እየጋረዳችሁ። ከ8 እስከ 15 ቀን ይደርቃል።

ማስጠንቀቂያ፦ የታጠበበት ውሃ ወንዝ ወይም ምንጭ ውስጥ አይፈስም። በስኳርና በብስባሽ የተሞላ ስለሆነ የውሃውን ኦክስጅን ይጨርሳል፣ ታች ያለውንም ሰውና ከብት ይጎዳል። ለ5 ኪሎ የሚሆነው ጥቂት ስለሆነ ከምንጭ የራቀ ትንሽ ጉድጓድ ይበቃዋል። ልጡን ከእበትና ከቅጠል ጋር ደራርባችሁ ኮምፖስት አድርጉት። ለቡናው ዛፍ የሚመለስ ነፃ ማዳበሪያ ነው።

ለምን ይለያያል? ጀንፈል ሲሆን ፍሬው ሳምንታት ሙሉ በራሱ ሥጋ ውስጥ ተሸፍኖ ነው የሚደርቀው። ስኳሩ ቀስ ብሎ ይብላላል። ስኒው ወፍራም ይሆናል፣ የበሰለ እንጆሪ፣ የዘቢብ፣ አንዳንዴ የጠጅ ቃና ያመጣል። ሲታጠብ ሥጋውና ሙጫው ቶሎ ይነሳል፤ ስለዚህ የፍሬው የራሱ ጠባይ ይጎላል። ስኒው ቀለል ይላል፣ የሎሚ ዓይነት ጥርት ያለ ኮምጣጣነትና የአበባ ሽታ ይኖረዋል። የታጠበ ይርጋጨፌ በዚህ ነው የሚታወቀው። መሐል መሐሉን የሚሄድም አለ፤ ልጡ ተነስቶ ሙጫው ሳይታጠብ የሚደርቅ። እሱ በጣም ስለሚጣበቅ ለመጀመሪያ ጊዜ አልመክርም።

8. አስቀምጡ፣ ከዚያ ወደ ከተማ አምጡ

ጀንፈሉን ሳትፈለፍሉ አስቀምጡት። ልጡ ከሽታና ከእርጥበት ይጠብቀዋል። ከተቻለ አንድ ወር ያህል ይረፍ፤ ወዲያው የተቆላ አዲስ ቡና ሣር ሣር ማለት ይወዳል። ጆንያውን ከወለል ከፍ አድርጋችሁ፣ ከግድግዳ አርቃችሁ አኑሩት። እያንዳንዱ ጆንያ ላይ አዘገጃጀቱንና የተለቀመበትን ቀን ጻፉ። ከቤተሰቡ የተለመደ፣ መሬት ላይ ከደረቀው ቡናም 1 ኪሎ ለየብቻ ያዙ። ማወዳደሪያችሁ እሱ ነው።

ቡና ሽታ ይጠጣል። እናቶች ቅቤና ቡና በአንድ ዘንቢል ይልካሉ፣ በርበሬም ይጨመርበታል። ሁሉም በፍቅር ነው፣ ቡናውን ግን ይገድለዋል። መኪና ላይም ከጋዝና ከናፍጣ ጀሪካን አጠገብ አታስጭኑ።

ማስጠንቀቂያ፦ የነቀዝ ክኒን የተጨመረበት የበቆሎ ጎተራ አጠገብ ቡና አይቀመጥ፣ ሰውም አይተኛ። የሚወጣው ጋዝ ይገድላል። ሌላው፣ የቡና ዝውውር በመንገድ ላይ ኬላ ይቆጣጠረዋል። ለቤት ከሚሆነው ያለፈ መጠን ከመጫናችሁ በፊት ምን ያህል እንደሚፈቀድና ምን ወረቀት እንደሚያስፈልግ የወረዳውን ጽሕፈት ቤት ጠይቁ።

9. ፈልፍሉ፣ ቁሉ

ለሙከራው ከሦስቱ፣ ከአልጋው ጀንፈል፣ ከታጠበውና መሬት ላይ ከደረቀው፣ ከእያንዳንዱ 150 ግራም ያህል ጥሬ ቡና ይበቃል። በሙቀጫ ቀስ ብላችሁ ውቀጡ፣ በሰፌድ አንፍሱ፣ የተሰበረውንና ጥቁሩን ልቀሙ።

ሦስቱንም በተመሳሳይ ምጣድና እሳት፣ አንድ በአንድ ቁሉ። ከ10 እስከ 13 ደቂቃ ውስጥ መንጣጣት ይጀምራል። ከተንጣጣ በኋላ አንድ ሁለት ደቂቃ ጨምራችሁ አውርዱት። ቀለሙ ቡናማ ይሁን፣ ዘይት አያውጣ። ሰፌድ ላይ በትናችሁ ቶሎ አቀዝቅዙ። ለቡና ሥነ ሥርዓት የለመድነው ጠቆር ያለ አቆላል ለመጠጣት ጥሩ ነው፤ ለፈተና ግን አይሆንም። አጥቁሮ የተቆላ ቡና ሁሉ አንድ ዓይነት ይሆናል። ቢቆላም ፈዝዞ የሚቀር ፍሬ ካያችሁ ቁጠሩት፤ ሳይበስል የተለቀመ ነው። ከቆላችሁ በኋላ እስከ ማግስቱ ይረፍ።

10. ቅመሱ

እጣን አታጭሱ። ጤና አዳም፣ ጨው፣ ስኳር አይግባ። ወጥ ከተሠራበት ሰዓት ራቁ። ይህ ቡና መጠጣት አይደለም፣ ምርመራ ነው።

ከእያንዳንዱ ቡና ሁለት ሁለት ብርጭቆ፣ በጠቅላላ ስድስት አዘጋጁ። ሁለት የሆነው አንዷ የተበላሸች ፍሬ አንዱን ብርጭቆ ብቻ ልታበላሽ ስለምትችል ነው። ለ200 ሚሊ ሊትር ብርጭቆ 11 ግራም፣ ሻካራ አድርጋችሁ ፍጩ። የብርጭቆውን ሥር በወረቀት ምልክት አድርጉና ሌላ ሰው ቦታ ያቀያይረው። የአባታችሁን ቡና የትኛው እንደሆነ ካወቃችሁ ምላሳችሁ ያደላል።

መጀመሪያ ደረቁን ዱቄት አሽትቱ። ከዚያ ውሃ አፍስሱ። ባለሙያ ቀማሾች 93 ዲግሪ ገደማ የሆነ ውሃ ይፈልጋሉ፣ በዝቅተኛ ቦታ ያሉትም ከፈላ በኋላ ጥቂት ያቀዘቅዙታል። እኛ ይህ አያስፈልገንም። አዲስ አበባ ላይ በከፍታው ምክንያት ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። እንደፈላ አፍስሱ፣ ብትጠብቁ ይቀዘቅዝባችኋል።

4 ደቂቃ ቆጥራችሁ ከላይ የተንሳፈፈውን በማንኪያ ስበሩና አሽትቱ፣ አረፋውን ቅፈፉ። ከ10 ደቂቃ በኋላ በማንኪያ ፉት እያላችሁ ቅመሱ፤ ድምፅ ያውጣ፣ ነውር የለውም። አየር ሲገባበት ሽታው ይነሳል። ማንኪያውን በየብርጭቆው መሐል አለቅልቁ። ለብ ሲል አንድ ጊዜ፣ ከቀዘቀዘ በኋላ ሌላ ጊዜ ድገሙ። ትኩስ ቡና ጉድለቱን ይደብቃል። ሲቀዘቅዝ ሁሉን ይናገራል።

የቀመሳችሁት ከየት መጣ?

- አፈር፣ ሻጋታ፦ መሬት ላይ ደርቋል፣ ወይም ሳይደርቅ ጆንያ ገብቷል። ደረጃ 2 እና 6።
- ሆምጣጤ፣ የተብላላ፣ የበሰበሰ ፍራፍሬ፦ በከረጢት አድሯል ወይም ተቆልሎ ተሰጥቷል። የታጠበው ከሆነ ባልዲ ውስጥ ቆይቷል። ደረጃ 4፣ 5 እና 7።
- ሣር፣ ጥሬ ባቄላ፣ ምላስ የሚይዝ፦ አረንጓዴ ተለቅሟል፣ ወይም ሳያርፍ ተቆልቷል።
- ጭስ፦ አልጋው ኩሽና አጠገብ ነበር። በቆሊ የመጣ ከሆነ ሦስቱም ላይ ይገኛል።
- ቅቤ፣ ቅመም፣ ጋዝ፦ በመንገድ ወይም በመጋዘን የጠጣው ነው።
- ምንም፣ ወረቀት ወረቀት፦ አርጅቷል፣ ወይም ከልክ በላይ ደርቋል።
- ከሁለቱ ብርጭቆ አንዱ ጥሩ፣ አንዱ መጥፎ፦ ለቀማውና መንሳፈፉ ላይ ሰነፍ ሰው ነበር።

ማስጠንቀቂያ፦ በዓይን የሚታይ ሻጋታ ያለበትን ጥሬ ቡና አትጠጡት፣ ለእንግዳም አታቅርቡ። መቁላት ሻጋታው የሚተወውን መርዝ ይቀንሰው ይሆናል፣ ሙሉ በሙሉ ግን አያጠፋውም።

ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች

ሁሉንም በአንድ ጊዜ መለወጥ። በአንድ ዓመት ለቀማውን፣ አልጋውንና ማጠቡን በሙሉ ማሳ ላይ ከሞከራችሁ የቱ እንደሠራ አታውቁም። ቤተሰቡም ይሰለቻል።

የተለያየ ቀን ለቀማ መቀላቀል። አልጋው ላይ ግማሽ የደረቀ ቡና እያለ አዲስ እሸት መጨመር እርጥበቱን ያዛባል። የትናንቱ ይደርቃል፣ የዛሬው ይሻግታል። ቦታ ከጠበበ መሐሉን በእንጨት ከፍላችሁ ለዩት።

አዲሱ ጣዕም አልለመድነውም ብሎ መጣል። የታጠበውን ስትቀምሱ «ቡና ቡና አይልም፣ ሎሚ ነው» የሚል ሰው ቤታችሁ አይጠፋም። ያ ሰው ትክክል ሊሆን ይችላል፣ ምርጫው የእሱ ነው። መለየት ያለባችሁ የማይወዱትን ጣዕምና የተበላሸን ጣዕም ነው። ሎሚው ንጹሕ ከሆነና ሲቀዘቅዝም ካልከፋ ብልሽት አይደለም።

ውጤቱን ለቤተሰብ አለመንገር። ከሦስቱም የተቆላ ጥቂት ጥቂት መልሳችሁ ላኩ፣ የከረጢቱን ምልክት ሳትገልጹ። እነሱም ይቅመሱ። የራሳቸውን መሬት ላይ የደረቀ ቡና ሳያውቁ ከሌሎቹ ዝቅ ካደረጉት በስልክ ከምትናገሩት ሁሉ በላይ ያሳምናቸዋል። የሚቀጥለው ዓመት ሁለተኛ አልጋ ያስፈልጋል ካሉ ወንፊት ሽቦውን ከመስከረም በፊት ላኩላቸው።